ሊብሬው የማያውቃት መኪና

«ማስታወቂያ ጻፍልኝ» አለኝ አባቴ በስልክ። ጊዜው 2017 ዓ.ም. ጥቅምት ነው። አዲስ አበባ ቢሮዬ ተቀምጬ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ያስቸገረኝን አንድ የሶፍትዌር ስህተት እየፈለግኩ ነበር።

«የምን ማስታወቂያ?»

ትንሽ ዝም አለና «የፔጆዋን» አለ። «እናንተ ስልክ ላይ የምትለጥፉት ነገር አለ አይደል? እሱን። ፎቶውን እህትህ አንስታዋለች።»

ፔጆዋ ቤታችን የገባችው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። ላለፉት አሥር ምናምን ዓመታት ሰንበቴ ግቢያችን ውስጥ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ቆማለች ስል ግን ተጥላለች ማለቴ አይደለም። አባቴ በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ ሞተሯን ያስነሳል፣ ውሃና ዘይቷን ያያል፣ ጎማዋ በአንድ ጎኑ ተኝቶ እንዳይበላሽ ሁለት ክንድ ያህል ወደፊት ያስኬዳትና መልሶ ያቆማታል። ልጅ ሆነን ይህን እንደ አንድ የአምልኮ ሥርዓት እናየው ነበር። እናቴ ደግሞ «ለኔም እንዲህ በተደረገልኝ» እያለች ትስቅበታለች።

ያንኑ ማታ ጻፍኩ፦ «ፔጆ 404። ኦሪጅናል። በጣም በጥሩ ሁኔታ የተያዘች።» ደውዬ ሳነብለት ወዲያው አቋረጠኝ።

«ኦሪጅናል የሚለውን አውጣው።»

«ለምን?»

«ግማሿ ነዋ ኦሪጅናሏ። ሰው አታታል።»

እውነቱን ነው። ከፊት ያለው፣ ኮፈኑ፣ መሪው፣ ሞተሩ የፈረንሳይ ሥራ ነው። ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ያለው ግን ፈረንሳይን አያውቃትም። ጣሪያው፣ ግድግዳው፣ ፊት ለፊት የተገጠሙት ሁለት ረጃጅም ወንበሮች፣ ከኋላ ያለው መረገጫ በሙሉ አዲስ አበባ ውስጥ በሰው እጅ ተቀጥቅጦና ተበይዶ የተሠራ ነው። ማስታወቂያ ሁለት መስመር ነው፤ እኔ ግን ሁለቱን መስመር ያለ ውሸት ለመጻፍ ይህቺ ሁለተኛዋ ግማሽ ምን እንደሆነችና ለምን እንደተሠራች ማወቅ ነበረብኝ። እናም መጠየቅ፣ ማንበብ፣ መኪናዋ ሥር ተኝቶ ማየት ጀመርኩ።

መንገዱ

ሰንበቴን ለማታውቁ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትሄዱ፣ ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ፣ ጣርማ በር ላይ በዋሻው ሾልካችሁ፣ ደብረ ሲናን ወርዳችሁ፣ ሸዋሮቢትን ካለፋችሁ በኋላ፣ ከሚሴ ሳትደርሱ የምታገኟት ከተማ ናት። የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ዋና ከተማ ነች። ገበያዋ የሚቆመው እሑድ ነው፤ ስሟም ሰንበትን ያስታውሳል። በገበያ ቀን አፋሩ ግመልና ፍየሉን እየነዳ ከቆላ ይወጣል፣ ከደጋ እህል ይወርዳል፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው እዚያ ይገናኛል። እሑድ ሰንበቴን ያየ ሰኞ ባቲን ያያል፤ ገበያዎቹ እንደ ዶቃ በአንድ ክር የተሰኩ ናቸው።

ክሩ ይህ መንገድ ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱን በያዘበት ጊዜ አዲስ አበባን ከደሴና ከአስመራ፣ ከኮምቦልቻ ላይ ገንጥሎ ደግሞ ከአሰብ የሚያገናኝ የመኪና መንገድ ዘረጋ። የጣርማ በር ዋሻ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ዋሻው ያለው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ ሸዋሮቢት ስትደርሱ ግን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። ብርድ ለብሳችሁ ገብታችሁ ላብ ለብሳችሁ ትወጣላችሁ። ለሹፌር ይህ ማለት ፍሬን ነው። አባቴ ሹፌርን የሚመዝነው በፍጥነቱ ሳይሆን ጣርማ በርን በስንተኛ ማርሽ እንደሚወርድ ጠይቆ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ መጀመሪያ የነገሡት የጣሊያን ከባድ መኪኖች ናቸው። ፊያት 634ን አገሩ «ትሬንታ ኳትሮ» አለው፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ፊያት 682 ኤን 3ን «ኤንትሬ»። አባቴ በልጅነቱ ረዳት ሆኖ የጀመረው በኤንትሬ ላይ ነው። ከአሰብ ጭኖ ኮምቦልቻን ወጥቶ አዲስ አበባ መግባት የዚያን ጊዜ ረዳት ዩኒቨርሲቲው ነበር።

ስለ መኪና ታሪክ ስናወራ ስለ ሹፌርና ስለ ባለቤት እናወራለን። የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. እንደሆነ፣ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ለአፄ ምኒልክ እንዳመጣት ብዙ ሰው ያውቃል። እኔን የገረመኝ ግን በዚያው በ1900 ዓ.ም. የሆነ ሌላ ነገር ነው። ምኒልክ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን በሥራው እየጠራ የሚሰድበውን ሰው የሚያስጠነቅቅ አዋጅ ያስነገሩት በዚያው ዓመት ነው። መኪናና የብረት ቀጥቃጭ ክብር በአንድ ዓመት አዲስ አበባ ደጃፍ ላይ ቆሙ ማለት ነው። መኪናዋ ገባች። ቀጥቃጩ ግን ገና በር ላይ ነው።

ቃላቱ

ሰንበቴ ሄጄ ከአባቴ ጋር መኪናዋ ሥር ስንተኛ፣ የሚነግረኝን ሁሉ ስልኬ ላይ እጽፍ ነበር። ማታ ሳነበው ግማሹ ጣሊያንኛ ሆኖ አገኘሁት። ጎማ፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ሞላ፣ ባሌስትራ፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ስፖንዳ፣ ክሪክ፣ ካቻቢቴ። አባቴ ጣሊያንኛ አይችልም፤ ጣሊያንኛ መሆናቸውንም አያውቅም። «የመኪና አማርኛ ነው» ነው የሚለው።

ወረቀቱም እንደዚያው ነው። መኪና ለመሸጥ ሦስት ነገር ያስፈልጋል። ታርጋ፣ በጣሊያንኛ ሰሌዳ ማለት ነው። ቦሎ፣ ማኅተም። ሊብሬ፣ ከሊብሬቶ የመጣ፣ ትንሽ መጽሐፍ። ወራሪው በአምስት ዓመት ወጣ፤ መዝገቡ ግን አፋችን ላይ ቀረ።

ከሁሉም የወደድኩት «ባትላሜራ» የምትለዋን ናት። በጋራዥ ውስጥ የመኪና አካል የሚያቃና፣ የሚሠራ ባለሙያ ባትላሜራ ይባላል። ቃሉ ሲፈታ ላሜራ የሚመታ፣ የሚቀጠቅጥ ማለት ነው። አሁን በየክፍለ ሀገሩ መንገድ የምናያቸውን፣ በአይሱዙ የጭነት መኪና ሻሲ ላይ አገር ውስጥ አካል የተሠራላቸውን አውቶቡሶች ሰዉ ምን ይላቸዋል? «ቅጥቅጥ»። ጣሊያንኛውን ሳያውቅ ወደ አማርኛ ተርጉሞታል። ምኒልክ አትስደቡት ያሉት ቀጥቃጭ፣ ከሰማንያ እና ከዘጠና ዓመት በኋላ ሕዝብ የሚያመላልስ አውቶቡስ ሲሠራ፣ ስሙ መኪናው ላይ ወጣ። የሰውየው ስም ግን አልወጣም፤ የወጣው የመዶሻው ምት ነው።

ነገሩ አዲስም አይደለም። የአንበሳ አውቶቡስ ታሪክ ሲነገር የሚጀምረው ከነጻነት በኋላ፣ በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ ጣሊያን ጥሏቸው ከሄደ የጭነት መኪኖች ተለውጠው በተሠሩ ጥቂት ማመላለሻዎች ነው። ከጅምሩ እኛ መኪና የምንገዛ ብቻ ሳንሆን የምንቀይርም ነን።

ውይይት

የእኛ ፔጆ ከመርካቶ ዳር የተሠራች «ውይይት» ናት።

በ1960ዎቹና ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ማለት ሰይቼንቶ ነበር፤ ትንሿ ፊያት 600። ከተማው ሲሰፋ ሰይቼንቶ አልበቃችም። ባለ መኪኖች ፒካፖችን እየወሰዱ ለባትላሜራ ሰጡ። ክፍቱ ጀርባ ግድግዳና ጣሪያ ተሠራለት፤ ግራና ቀኝ ሁለት አግዳሚ ወንበር ተገጠመለት፤ ከኋላ መረገጫ ተበየደለት። ተሳፋሪው ከኋላ ይወጣል፣ ጎንበስ ብሎ ይገባል፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥሞ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ወያላው መረገጫው ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል።

ዘመኑ አብዮቱ የፈነዳበት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየቀበሌው፣ በየትምህርት ቤቱ «ውይይት» የሚባል ስብሰባ ነበር፤ ሰው ወደደም ጠላም ተሰብስቦ ፊት ለፊት ተቀምጦ ስለ አብዮቱ ይወያያል። የአዲስ አበባ ሕዝብ ደግሞ ታክሲዋን አይቶ ስም አወጣላት፦ ውይይት። ቀልድ ነው፤ ግን መራራ ቀልድ። ስብሰባው ላይ የፈለጉትን መናገር አይቻልም፤ ታክሲዋ ውስጥ ግን ቢያንስ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ማጉረምረም ይቻላል።

ፔጆ 404ን ለዚህ ሥራ ተስማሚ ያደረጋት ጥንካሬዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣች፣ ቅርጿን የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና የነደፈላት፣ በ1,618 ሲሲ ሞተር የምትሄድ፣ ካምቢዮዋ መሪዋ ሥር የሆነ መኪና ናት። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1963፣ 1966፣ 1967 እና 1968 አራት ጊዜ አሸንፋለች። የናይሮቢን ጭቃና ድንጋይ የቻለች የመርካቶን ጉድጓድ አትፈራም።

ፒካፕ ወደ ታክሲ መለወጥ የእኛ ብቻ ጥበብ አይደለም። ፊሊፒንሶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ጦር የተወውን ጂፕ አስረዝመው፣ ፊት ለፊት የሚያስቀምጥ አግዳሚ ወንበር አስገብተው ጂፕኒን ፈጠሩ። ሄይቲዎች ፒካፑን በቀለም አሸብርቀው ታፕታፕ አሉት። ኬንያውያን ማታቱን፣ በስዋሂሊ «ሦስት» ከሚለው ቃል፣ ከሠላሳ ሳንቲሙ የጉዞ ዋጋ ስም ሰጥተው አሽከረከሩት። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ፊሊፒንሶች ዛሬ ጂፕኒን የአገራቸው ምልክት አድርገው ለእንግዳ ያሳያሉ። የእኛ ውይይት ግን በ1980ዎቹ አጋማሽ የትራንስፖርት ገበያው ሲከፈትና ቶዮታ ሃይሎክስን ያጀበው ሃይኤስ ሚኒባስ ሲበዛ፣ ቀስ በቀስ ከመንገዱ ወጣች። አብዛኞቹ ለመለዋወጫ ተበታተኑ፤ ላሜራቸው ተቆርጦ የሌላ መኪና መጣፊያ ሆነ።

አባቴ የእኛን የገዛት በዚያን ጊዜ ነው፤ በ1986 ዓ.ም.። አዲስ አበቤው ወደ ሚኒባስ ሲሸጋገር በርካሽ አገኛት። ጣርማ በርን ራሱ እየነዳ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ወደ ሰንበቴ አወረዳት።

ፊት ለፊት

እኔ የማስታውሳት እሑድ ለእሑድ ነው። ገና ጎህ ሳይቀድ አባቴ ዱዓ አድርጎ ይነሳል፤ እኔ ከወንበሩ መካከል፣ ሰው ጉልበት ሥር፣ ከፍየል ጋር እቀመጣለሁ። ሊብሬው ላይ የተጻፈው 11 ሰው ነው። በገበያ ቀን ግን ስንት ሰው እንደሚጫን ለትራፊክም ለእናንተም አልነግርም።

ውስጥ የነበረው ወሬ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይገባሉ፤ ሰንበቴ ያደገ ሰው ከየትኛው ጀምሮ በየትኛው እንደሚጨርስ አያውቀውም። አፋር ሲገባ ደግሞ ሌላ ሥርዓት አለ፦ ዳጉ። አፋር ከሰው ሲገናኝ ወሬ መጠያየቅ ግዴታው ነው፤ ዝናብ የት ዘነበ፣ ከብት የት አለ፣ ማን ሞተ፣ ማን ወለደ። ሰምቶ ለሚቀጥለው ማድረስም ግዴታው ነው። በሚኒባስ ውስጥ ዳጉ እንዴት ይካሄዳል? ሁሉም የፊተኛውን ሰው ማጅራት ነው የሚያየው። በእኛ ፔጆ ግን ማየት ባትፈልግም ታያለህ።

አንድ ቀን አንድ የአፋር ሽማግሌና አንድ ገበሬ ያለፈው ሳምንት በተሸጠ ወይፈን ተጣልተው ገቡ። ወይፈኑ ቤት ሲደርስ አንካሳ ሆኗል። ሻጭና ገዢ ጉልበታቸው ተነካክቶ መተያየት አልፈለጉም፤ ግን ሌላ የሚያዩት ነገር የለም። መካከላቸው ያለው ተሳፋሪ ሁሉ ሽማግሌ ሆነ። አንዷ እናት «ከዋጋው ሩቡን መልስለት፣ ይብቃ» አሉ። ስንደርስ ገንዘቡ ተቆጥሮ ተመልሶ ነበር። አባቴ መሪው ላይ ሆኖ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ሲወርዱ ግን ከሁለቱም ሂሳብ አልተቀበለም።

ያን ጊዜ ስለ ወንበሩ አላሰብኩም። አሁን ሳስበው፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት የገጠመው ያ ባትላሜራ ያሰበው ብዙ ሰው ስለ ማስገባት ብቻ ይሆናል። የሠራው ግን ከዚያ በላይ ነው።

ባጃጅና ሚኒባስ ሲበዛ ፔጆዋ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሥራ አቆመች። አባቴ ሱቅ ከፈተ፤ እሷ ሸራ ለበሰች።

ዕዳው

በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በእኛ አካባቢ የሆነውን አገር ሁሉ ሰምቷል። አጣዬ፣ ሸዋሮቢት፣ ሰንበቴ፣ ከሚሴ። ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ፣ መንገዱ ተዘጋ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ጦርነቱ በዚያው መንገድ ላይ ወረደ። በእነዚያ ወራት ገበያው ቀረ። ገበያ ቀረ ማለት እህል አልተሸጠም ማለት ብቻ አይደለም። ሰው እርስ በርሱ ሳይተያይ ወራት አለፈ ማለት ነው። ወሬ ነበር፤ ግን ፊት የሌለው፣ በስልክ የሚመጣ ወሬ።

የአባቴ ሱቅ ተዘረፈ። ማን እንደዘረፈው እዚህ መጻፍ አልፈልግም፤ አባቴም አንድ ቀን ስም ጠርቶ አያውቅም። ፔጆዋ ግን ከሸራው ሥር እንዳለች ተረፈች። ከአጎራባች የመጣ ሰው ነው ሲባል የሰማሁት፣ ድሮ እሷ ላይ ተሳፍሮ ገበያ የሚሄድ ልጅ ነበር፣ «ይቺን ተዉአት» ያለው። እውነት ይሁን አይሁን አላጣራሁም።

አባቴ ሱቁን መልሶ ለመክፈት ከዘመድ፣ ከጎረቤት፣ ከጅምላ ነጋዴ ተበደረ። 540,000 ብር። እኔ ልክፈልልህ ብየው ነበር፤ ከሥራ ቦታዬ መበደር እችላለሁ። የመለሰልኝ መልስ አሁንም ያሳፍረኛል። «ዕዳዬን ወዳንተ ካዞርኩት፣ ስም ተዛወረ ነው እንጂ ተከፈለ ይባላል እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ሰው ዕዳ ይዞ መሞት የለበትም» አለ። ሙስሊም ቤት ላደገ ሰው ይህ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

ገዢዎቹ

በሌላው ዓለም መኪና ከጋራዥ በወጣች ማግስት ዋጋዋ ይወርዳል። እኛ አገር መኪና እንደ መሬት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ማድረጉን አስታወቀ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ሁሉ ቀና አለ። ቮልስና አሮጌ መርሴዲስ ታጥበው ሰርግ ላይ ሙሽራ ይጭናሉ፤ ካፌ ደጃፍ ላይ ቆመው ፎቶ ይነሳባቸዋል።

ማስታወቂያውን እንዲህ አድርጌ ለጠፍኩት፦ «ፔጆ 404 ውይይት። ፊቷ የፈረንሳይ፣ ኋላዋ የአዲስ አበባ ሥራ። ሞተሯ ይነሳል። ያለችው ሰንበቴ።» በሁለት ቀን ውስጥ ስልኬ አልዘጋ አለ። የብዙዎቹ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሊብሬ አላት?»

የመጀመሪያው ገዢ የመለዋወጫ ነጋዴ ነው። 210,000 ብር አለ፤ መኪናዋን ማየት እንኳ አልፈለገም። ሁለተኛው አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ለሰርግ የሚያከራይ ሰው ነው። ደላላ ይዞ ሰንበቴ ድረስ ወረደ። ኮፈኑን ከፍቶ ሲያይ ዓይኑ በራ። ዘወር ብሎ ኋላዋን ሲያይ ግን ፊቱ ጠቆረ።

«አባባ፣ ፊቷ ሙሽራ ነው። 600,000 እሰጥዎታለሁ። ይሄን ቆርቆሮ ግን አንስቼ ወደ ነበረችበት እመልሳታለሁ።»

«ወደ ነበረችበት?» አለ አባቴ። «እኔ ሳውቃት እንዲህ ነበረች፣ ልጄ።»

ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም። ለእሱ «በጥሩ ሁኔታ የተጠበቀች» ማለት ከፋብሪካ እንደወጣች ማለት ነው። ከፋብሪካ በኋላ የተጨመረው ሁሉ ጉዳት ነው። በሙያዬ ይህን አስተሳሰብ አውቀዋለሁ። ግን በእኛ ሥራ አንድ ፕሮግራም ሲቀየር ማን፣ መቼ፣ የትኛዋን መስመር፣ ለምን እንደቀየረ አብሮ ይመዘገባል፤ ከአሥር ዓመት በኋላም ተመልሰህ የሠሪውን ስም ታገኛለህ። ማታ ሊብሬውን ገልጬ ልክ እንደ አንድ የመረጃ ሠንጠረዥ አነበብኩት። የሻሲ ቁጥር አለ። የሞተር ቁጥር አለ። ቀለም አለ። የተሠራችበት አገር፦ ፈረንሳይ። የባለቤት ስም ቦታ በሽ ነው። የኋላውን የሠራው ሰው ስም የሚጻፍበት ግን ምንም ቦታ የለም። ስለ እሱ የሚመሰክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመጫን አቅም በሚለው ሥር ያለችው 11 ቁጥር። ፈረንሳዮቹ የሠሯት ፒካፕ 11 ሰው አትይዝም። ያንን ቁጥር ያመጣው መዶሻ ነው።

አባቴ ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ደውሎ ሰውየውን «ፊቷን ውሰድ፣ ኋላዋን እዚሁ ተውልኝ» አለው። ሰውየው ደስ አለው፤ እሱ ሊጥለው የነበረ ነገር ነው። የሊብሬውን ጉዳይ ማስተካከል የእሱ ድርሻ እንዲሆን ተስማሙ። ውል ተጻፈ፣ ተፈረመ፣ ስም ዞረ። ውሉ ላይ ያለችው አንዲት ፔጆ 404 ናት። ስለ ኋላዋ አንድ ቃል አልተጻፈም፤ ወረቀት የማያውቀውን ነገር ወረቀት ሊሸጠው አይችልም።

እሷ የቀረችው

አካሏ የተነሳው ቅዳሜ ቀን ነው፤ እኔም ወርጄ ነበር። አንድ ብየዳ ሠራተኛ ማያያዣዎቹን ቆረጠ፤ ስምንት ሰው ተሸክሞ አወረደው። ሥራው ሲገለጥ ብየዳ ሠራተኛው ራሱ ቆም ብሎ አየው። ማዕዘኖቹ ሁሉ ከውስጥ በሁለት ብረት ተደግፈዋል። ዝናብ የሚወርድበት ቦይ በጣሪያው ዙሪያ ተጎንብሶ ተሠርቷል፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲያገለግል ያላፈሰሰው ለዚህ ነው። የወንበሩ ጣውላ ሲገለበጥ ደግሞ ከሥሩ በጥቁር ቀለም የታተሙ የላቲን ፊደላት ወጡ። ግማሹ ተፍቋል፤ «አሰብ» የሚለው ግን ይነበባል። ጣውላው ከወደብ የመጣ የዕቃ ሳጥን ነበር። አባቴ በእጁ ዳሰሰው። «ይሄን ሳጥን እኔ ልሆን እችላለሁ ያወረድኩት» አለ፤ ረዳት እያለ ማለቱ ነው። ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ።

ፊቷ ተጭና ስትሄድ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኛት። አልተከተላትም፤ እጁንም አላወዛወዘም። በማግስቱ ሱቅ ዘግቶ ዕዳውን ለየባለቤቱ በየቤቱ እየዞረ ከፈለ። ስድስት ቤት። በእያንዳንዱ ቤት ቡና ጠጥቶ ስለነበር ማታ እንቅልፍ አልወሰደውም።

ኋላዋ አሁን ከግቢያችን አጥር ውጭ፣ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአራት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። አንዲት ጎረቤታችን ሻይ ትሸጥባታለች። ገበያው ተመልሶ ቆሟል፤ እንደ ድሮው አይደለም፣ ግን ቆሟል። እሑድ ሰው ከፀሐይ ሊጠለል ከኋላ ይወጣል፣ ጎንበስ ብሎ ይገባል፣ ጉልበት ለጉልበት ይቀመጣል። የትም አትሄድም። ግን ገብቶ ዝም ብሎ የሚወጣ ሰው አላየሁም።

ሊብሬው ይቀመጥበት የነበረ አንድ የላስቲክ ፎልደር ባዶውን ቤታችን ቀርቶ ነበር። ወደ አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት አንድ ገጽ ጽፌ ከተትኩበት፦ ርዝመቷ፣ ስፋቷ፣ የላሜራው ውፍረት፣ የጣውላው ጽሑፍ፣ አባቴ የገዛበት ዓመት፣ የተነሳችበት ቀን። ከታች «የሠራው ሰው» ብዬ ክፍት ተውኩት። አባቴ መነጽሩን አድርጎ አነበበውና እስክሪብቶ ጠየቀኝ።

«ስሙን ባናውቅም ባዶ አይሆንም» አለ፤ ከዚያ ክፍቱ ቦታ ላይ «አዲስ አበባ፣ ባትላሜራ» ብሎ ጻፈ።